ኮሊ፦ ከሰው መለየት የማይወድ እረኛ ውሻ

ኮሊ ከስኮትላንድና ከሰሜን እንግሊዝ የወጣ የበግ እረኛ ውሻ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ረጅምና ጎፈሬ የመሰለ ጸጉር ያለው ነው። ኮሊ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው። የሌላው ጸጉር አጭርና ልሙጥ ነው። በስም ተሳስቶ ከቦርደር ኮሊ ጋር የሚያምታታው ሰው አይጠፋም። ቦርደር ኮሊ ግን ሌላ ዝርያ ነው። አነስ ይላል፣ እሳት የላሰ ነው፣ ሥራ ካጣ ደግሞ ቤት ያምሳል። ኮሊ ከሱ አንጻር ረጋ ያለ ነው።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ከእረኛ በቀር ለኮሊ ደንታ ያለው አልነበረም። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ስኮትላንድ ባለው የባልሞራል ቤተ መንግሥታቸው አይተው ወደዱት። ንግሥቲቱ የወደዱትን ባለጸጋው ሁሉ መፈለጉ አይቀርም። ከበግ በረት ወጥቶ ሳሎን ገባ። የአሜሪካ የኮሊ ክለብ የተመሠረተው በ1886 ነው። ከዚያም በ1943 ላሲ ስለምትባል ኮሊ የሚተርከው ፊልም መጣና ዝናው በዓለም ናኘ። በነገራችን ላይ ሴቷን ላሲን ሆኖ የተወነው ፓል የሚባል ወንድ ውሻ ነበር። ፊልሙ ዝርያውን ስመ ጥር አደረገው፤ ለገዢዎች ደግሞ የተጋነነ ተስፋ ሰጣቸው። ማንም ሳያስተምረው ሁሉን የሚያውቅ ውሻ የለም።

የዋህነቱ ግን እውነት ነው። ከልጆች ጋር ይስማማል፤ ከድመትና ከሌላ ውሻ ጋርም አብሮ ካደገ ችግር የለውም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ያጤናል እንጂ አይተናኮልም። የእረኝነት ደሙ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ልጆች ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ዙሪያቸውን እየዞረ አንድ ቦታ ሊሰበስባቸው ይሞክራል። አንዳንዱ ተረከዛቸውን ነከስ ያደርጋል። ክፋት አይደለም፤ ግን ቡችላ እያለ ካልተገታ ትንሽ ልጅ ይጥላል።

ይህ ውሻ ድምፅ ያውቃል። ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ካለ ጥግ ይዞ ይተኛል። በጩኸትና በቁጣ ላሠልጥነው የሚል ሰው የሚያተርፈው ፈሪ ውሻ ብቻ ነው። በለሰለሰ ድምፅና በቁራሽ ሥጋ ግን ቶሎ ይማራል።

ብዙ ገዢ የሚፈራው ጸጉሩን ነው። እኔ ግን ከጸጉሩ ይልቅ ብቸኝነቱ ነው የሚያሳስበኝ። ኮሊ ሰው ሲያጣ ይጮኻል። ሲሰለቸው ይጮኻል፣ ሲደሰት ይጮኻል፣ መኪና ሲያልፍም ይጮኻል። ድሮ በጎቹን የሚነዳው በዚሁ ድምፅ ነበር። ጎረቤት ግን ይህን ብትነግረው አይሰማህም። ቀኑን ሙሉ ሰው የማይውልበት ቤት ወይም ግቢ ታስሮ ለሚኖር ሕይወት ኮሊን መምረጥ ለውሻውም ለሰፈሩም ግፍ ነው። በየቀኑ ረዘም ያለ የእግር ጉዞና ትንሽ ጨዋታ ካገኘ ሌላውን ጊዜ እግርህ ሥር ተኝቶ ያሳልፋል።

ወደ ጸጉሩ ስንመጣ፣ ከላይ ሻከር ያለ፣ ከሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለና ለስላሳ ድርብ ጸጉር ነው። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠር ይበቃል። ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብት ሥርና ከኋላ ታፋው ላይ ቶሎ ይቋጠራል። ጸጉሩን በሚቀይርበት ወቅት ግን ሶፋውም ልብሱም ጸጉር በጸጉር ነው፤ በየቀኑ ብሩሽ ይፈልጋል። ሞቀው ብሎ መላጨት ስህተት ነው። ድርብ ጸጉሩ ቆዳውን ከፀሐይ ይከልልለታል። ሙቀት ሲበረታ በጠዋት ወይም ሲመሽ ማንሸራሸር፣ ጥላና ውሃ ማዘጋጀት ይሻላል።

በአሜሪካ የዝርያ መስፈርት ቁመቱ ከ56 እስከ 66 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ23 እስከ 34 ኪሎ ይደርሳል። ዕድሜው ባብዛኛው ከ12 እስከ 14 ዓመት ነው። ቡችላ የሚገዛ ሰው ስለ ዓይኑ ሳይጠይቅ ብር አይክፈል። በዘር የሚተላለፍ የዓይን እክል በዚህ ዝርያ የተለመደ ነው። ሐኪም ከ5 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ቢያየው ይለየዋል። ሰማያዊ ግራጫ ዝንጉርጉር የሆኑት ኮሊዎች በጣም ይፈለጋሉ። ሁለት ዝንጉርጉሮችን ማዳቀል ግን ደንቆሮ ወይም ዕውር ቡችላ ሊያስወልድ ይችላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የመድኃኒት ነገር ነው። ከ10 ኮሊ 7 ያህሉ ኤም ዲ አር 1 በሚባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ይህን በ2001 (እ.ኤ.አ.) የለዩት የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ጤነኛው ዘረመል አንዳንድ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ እንዳይከማቹ መልሶ ያስወጣል። ጉድለት ሲኖር መድኃኒቱ እዚያው ይቀራል። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይጠፋል፤ ራሱን ስቶ ሊሞትም ይችላል።

ዋናው ተጠያቂ ኢቨርሜክቲን ነው። እኛ ሀገር ለከብትና ለበግ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚወጋው መድኃኒት መሆኑ ነው። ለከብት የመጣውን መርፌ ለውሻውም ትንሽ ልስጠው ማለት ለኮሊ መርዝ ነው። ለልብ ትል መከላከያ በየወሩ ከሚሰጡት ኪኒኖች በአንዳንዶቹ ውስጥም ኢቨርሜክቲን አለ፤ በታዘዘው መጠን ከሆነ ግን ኮሊንም አይጎዳውም። ለተቅማጥ ሰው የሚወስደው ሎፐራማይድም ከአደገኞቹ አንዱ ነው። ጉድለቱ መኖር አለመኖሩ ከጉንጭ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ይታወቃል። ውጤቱን የእንስሳት ሐኪሙ መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። እርባታ ያለበት ቦታ የሚኖር ኮሊ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቅርቡ ኢቨርሜክቲን የወሰደ ፈረስ ወይም ከብት ፋንድያና እበት ውስጥ መድኃኒቱ ስላለ፣ ውሻው እንዳይልሰው ለጥቂት ቀናት ከበረቱ ማራቅ ያስፈልጋል።