የወንጀል ሳይንስ የሚያስተምር የሕግ ፕሮፌሰር ሬሳ አይመረምርም

«ክሪሚኖሎጂና ፎረንሲክ አስተምራለሁ» የሚል የሕግ ፕሮፌሰር ቢያጋጥማችሁ መጀመሪያ ምን ትጠይቁታላችሁ? ብዙ ሰው «ስንት ሬሳ አይተሃል?» ይላል። ፊልሙ ነው ያበላሸን። ስለዚህ ፕሮፌሰር የሚባለውን አንድ በአንድ እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥራው ሬሳ መመርመር ነው።» አይደለም። አስከሬን የሚመረምረው ሐኪም ነው። እኛ አገርም ነገሩ ሲነሳ ሰው ትዝ የሚለው ምኒልክ ሆስፒታል እንጂ የሕግ ትምህርት ቤት አይደለም። ፕሮፌሰሩ የሚያስተምረው ሐኪሙ የጻፈውን ውጤት ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉና ጠበቃው እንዴት እንደሚያነቡትና እንደሚፈትኑት ነው።

«ክሪሚኖሎጂና ፎረንሲክ ያው ናቸው።» ክሪሚኖሎጂ «ሰው ለምን ወንጀል ይሠራል፣ ቅጣትስ ይመልሰዋል ወይ» ይላል። ፎረንሲክ «ይህ ደም የማን ነው» ይላል። በቃ።

«ወንጀልን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አያውቀውም።» ይሄ ሐሜት ለአንዳንዱ ይሠራል፣ አልክድም። የሙያው አባት የሚባለው ሃንስ ግሮስ ግን ተቃራኒው ነበር። በ1847 ኦስትሪያ፣ ግራትስ ተወልዶ ለዓመታት መርማሪ ዳኛ ሆኖ ሠራ። ሌላው ምስክርና የእምነት ቃል ሲያሳድድ እሱ የእግር ኮቴ፣ ደምና አቧራ ያይ ነበር። በ1893 ለመርማሪ ዳኞች ወፍራም መመሪያ አሳተመ፣ ፕሮፌሰር የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ቼርኖቪትስ፣ ቀጥሎ ፕራግ (እዚያ ካስተማራቸው አንዱ ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ነው)፣ በመጨረሻም ግራትስ። ወደ ወንጀል ቦታ ሲኬድ ይያዝ ያለው ቦርሳ ውስጥ ወረቀት፣ ሻማ፣ ኮቴ ማንሻ ጀሶ፣ ምስክር የሚምልበት ትንሽ መስቀል አለ። ከረሜላም አለ፤ ፈርቶ ዝም ያለ ሕፃን ምስክር ለማባበል! ዛሬ ቢሆን ጠበቃው «ሕፃኑን በከረሜላ ገዝተኸዋል» ብሎ ያፋጥጠው ነበር።

«የጣት አሻራ ከተገኘማ አለቀ።» ይሄኛው አደገኛ ነው። በመጋቢት 2004 ማድሪድ ውስጥ ባቡሮች ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ፍንዳታ ማስነሻ በነበረበት ፕላስቲክ ከረጢት ላይ አሻራ ተገኘ። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አሻራውን በኮምፒውተር ፈልጎ የአንድ የኦሪገን ጠበቃ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ የመደበው ገለልተኛ ባለሙያ ሳይቀር ተስማማ። የስፔን ፖሊስ ግን አልተዋጠለትም፤ በመጨረሻም አሻራው የአንድ አልጄሪያዊ መሆኑን አሳወቀ። የኦሪገኑ ጠበቃ ሁለት ሳምንት ገደማ ታስሮ ተፈታ፣ ይቅርታም ተጠየቀ፣ በ2006 የአሜሪካ መንግሥት 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው። መጀመሪያ የወሰነ ሰው አለ ሲባል ሁለተኛውና ሦስተኛው ባለሙያ ያንኑ ሊያይ ይችላል፣ ስለዚህ ፕሮፌሰሩ ተማሪውን «ይህን ሲያይ ሌላው ምን እንዳለ ያውቅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያስለምደዋል።

«ኬሚስትሪ ካልተማርክ አይሆንም፣ ደግሞም ዞሮ ዞሮ የፖሊስ ወገን ነው።» ባሪ ሼክን እዩት። ኬሚስት አይደለም፤ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች ሲቆም ቆይቶ ነው ካርዶዞ የሕግ ትምህርት ቤት ለማስተማር የገባው። በ1992 ከፒተር ኑፌልድ ጋር ኢኖሰንስ ፕሮጀክትን መሠረተ፣ ዲኤንኤን በሐሰት የተፈረደባቸውን ማስፈቻ አደረገው። በ1995 የቀድሞ ሚስቱን በመግደል በተከሰሰው የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ በኦ ጄ ሲምፕሰን ችሎት ደግሞ ያንኑ ዲኤንኤ የሚጠራጠር ጠበቃ ሆኖ ቀረበ፤ ማስረጃውን የሰበሰበውን የፖሊስ ባለሙያ ደሙን እንዴት አነሳኸው፣ ምን ውስጥ ከተትከው፣ ማን ነካው እያለ ለቀናት በመስቀለኛ ጥያቄ ወጥሮ ያዘው።