ከፌደራል ስራ ስትባረሩ አቤቱታ ስለማስገባት የሚወሩ ስህተቶች እና እውነታው

ዲሲና አካባቢው ፌደራል መስሪያ ቤት የሚሰራ ሐበሻ ሞልቷል፣ ችግር ሲመጣ ግን ምክር የሚጠየቀው ፕራይቬት ካምፓኒ የሚሰራ ጓደኛ ነው፣ የሱ ህግ ደግሞ ሌላ ነው።

«ካባረሩኝ በነጋታው ፍርድ ቤት ነኝ»

አይሆንም። ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) የጨረሰ ሰራተኛ ሲባረር፣ ደረጃው ሲቀነስ ወይ ከ14 ቀን በላይ ሲታገድ መጀመሪያ አፒል የሚለው ሜሪት ሲስተምስ ፕሮቴክሽን ቦርድ ለሚባለው፣ የፌደራል ሰራተኞችን አቤቱታ ለሚያይ ቦርድ ነው፣ ያውም በ30 ቀን ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድም ይቆጠራሉ። ቆጠራው እርምጃው ከጸናበት ወይ ውሳኔው ከደረሳችሁ ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ይጀምራል። ፕሮቤሽን ላይ ያላችሁ በሩ በጣም ጠባብ ነው።

«አድልዎ ከሆነ 180 ቀን አለኝ፣ 300ም ይሆናል»

ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ነው። ክስ ለማስገባት የሚባለው 180ውም 300ውም ለፕራይቬትና ለስቴት ወይ ለካውንቲ ሰራተኛ ነው። ፌደራል ከሆናችሁ ነገሩ በደረሰ በ45 ቀን ውስጥ የራሳችሁን ኤጀንሲ (መስሪያ ቤት) ኢኢኦ ካውንስለር፣ ማለትም የአድልዎ አቤቱታ መጀመሪያ የሚያነጋግረውን ሰው፣ ማናገር አለባችሁ፣ ለሱፐርቫይዘሬ ኢሜይል ጽፌያለሁ ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ካውንስለሩ ጨርሶ መደበኛ ክስ ማስገባት ትችላላችሁ የሚለውን ወረቀት ሲሰጣችሁ ደግሞ ያላችሁ 15 ቀን ብቻ ነው። ፍርድ ቤት የሚመጣው ከዛ ሁሉ በኋላ ነው፣ የኤጀንሲው የመጨረሻ ውሳኔ ከደረሳችሁ በ90 ቀን፣ ነገሩ ከመባረር ጋር ከተያያዘ ግን ወደ 30 ይወርዳል። ተከሳሹም ያስመረራችሁ አለቃ ሳይሆን የኤጀንሲው የበላይ ሃላፊ ነው (ብዙ ሰው በዚህ ይናደዳል)።

«ዩኒየኑ ይዞልኛል፣ ቀኑ ቆሟል»

አልቆመም። ግሪቫንስ (በዩኒየኑ ውል የሚገባ ቅሬታ) እና ቦርድ ሁለቱም ክፍት ከሆኑላችሁ ቀድማችሁ በጽሁፍ ያስገባችሁት ነው የሚይዛችሁ፣ ስለዚህ ዩኒየኑ ግሪቫንሱን ከማስገባቱ በፊት የቱ እንደሚሻል ጠይቁ።

«ማስረጃዬን ልጨርስና አስገባለሁ»

ቦርዱ ጋ አፒል ኦንላይን ይገባል፣ ሰነድ በኋላም ይጨመራል። ኤጀንሲው ሲያባርራችሁ ምክንያቱን የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው፣ እናንተ ፎልደር ስታደራጁ 30ው ቀን ያልቃል።

«ቀን ካለፈ በቃ፣ ምንም የለም»

ሁልጊዜ አይደለም። አንድ የዲፌንስ ዲፓርትመንት ሰራተኛ በ2013 ያለ ደሞዝ ስድስት ቀን ቤት እንዲቀመጥ ተደርጎ አፒል አለ፣ ቦርዱ ከ2017 እስከ 2022 ምልአተ ጉባኤ ስላልነበረው ውሳኔው አመታት ቆየ፣ ሲመጣም የተላከው በማይጠቀምበት በድሮው የስራ ኢሜይሉ ነበርና ሳያየው ወደ ፌደራል ሰርኪዩት (የቦርዱ ውሳኔ ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ ቤት) የሚሄድበት 60 ቀን አለፈ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 ይሄ ቀን ቢያልፍ ፌደራል ሰርኪዩት ጉዳዩን የማየት ስልጣኑን አያጣም አለ፣ ግን ያረፈደበትን ምክንያት የሚያስረዳው ሰውየው ነው። እናም ቦርዱ ጋ ስትመዘገቡ የግል ኢሜይላችሁን ስጡ፣ የመስሪያ ቤቱማ ስትባረሩ መጀመሪያ የሚዘጋው እሱ ነው።