ብረቱን ሳይነኩ ፖቴንሻሉን ማንበብ፦ ኬልቪን ፕሮብ በዝገት ጥናት

ዝገት ሲባል ሁሉም ሰው ቀዩን ዱቄት ነው የሚያስበው፣ ነገርየው ግን ከመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ካምብሪጅ የነበረው ዩሊክ ኢቫንስ በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያሳየው ሙከራ እስካሁን ይሰራል፦ ንጹህ ብረት ላይ ቀለም የሚቀይር ኬሚካል ያለበት የጨው ውሃ ጠብ ታደርጋለህ፣ ትንሽ ቆይቶ የጠብታዋ መሃል ሰማያዊ ዳርዳሩ ሮዝ ይሆናል። መሃሉ እየሟሟ ነው፣ አኖድ ማለት ነው፣ ዳሩ ደግሞ አየር ስለሚደርሰው ኦክስጅን እየተቀበለ ካቶድ ሆኗል።

እሺ፣ በመሃሉና በዳሩ መካከል ያለው የፖቴንሻል (የኤሌክትሪክ ግፊት) ልዩነት ስንት ሚሊቮልት ነው፣ የትጋ ነው ስትል ነው ጣጣው የሚመጣው። የተለመደው አሰራር ናሙናውን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ (ፖቴንሻሉ የታወቀ ማወዳደሪያ) አጠገቡ አስገብቶ ማንበብ ነው፣ የሚወጣው ግን የገጹ ሁሉ ድብልቅ የሆነ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ደግሞ ደጅ ያለ ብረት ባልዲ ውስጥ ተነክሮ አይደለም የሚዝገው፣ ጤዛ ነው የሚያርፍበት፣ ያ የውሃ ሽፋን ከፀጉር ሊቀጥን ይችላልና ኤሌክትሮድ የሚገባበት ቦታ የለም።

መፍትሄው የመጣው ከድሮ ፊዚክስ ነው። ሎርድ ኬልቪን በ1898 እንዳሳተመው ሁለት የተለያዩ ብረቶችን በሽቦ አገናኝተህ ፊት ለፊት ብታቆማቸው መሃላቸው ባለው አየር ላይ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በ1932 ዚስማን የሚባል ሰው አንደኛውን እንዲርገበገብ አደረገው፣ ሲርገበገብ ርቀቱ ይቀያየራል፣ ካፓሲታንሱም (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) አብሮ ይቀያየራል፣ ስለዚህ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ከረንት ወዲያ ወዲህ ይላል። ከዛ ከውጭ ቮልቴጅ እየጨመርክ ከረንቱ ዜሮ የሚሆንበትን ትፈልጋለህ፣ ያ ቮልቴጅ ነው መልሱ። በቃ፣ ኬልቪን ፕሮብ የሚባለው ይሄ ነው። የሚርገበገበው ብረት፣ ማለትም የመሣሪያው ጫፍ፣ የናሙናውን ገጽ ፈጽሞ አይነካም፣ ብዙ ጊዜ መቶ ማይክሮን ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው።

ይሄን ለዝገት ያዋለው በዋናነት ዱሰልዶርፍ ውስጥ ያኔ የማክስ ፕላንክ የብረት ምርምር ተቋም ይባል በነበረው ቤት ይሰራ የነበረው ማርቲን ስትራትማን ነው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። ካሊብሬሽኑ (መሣሪያውን በታወቀ ነገር ማስተካከሉ) ደስ ይላል፦ ትንሽ የመዳብ ስኒ ከዚህ በላይ ማሟሟት እስከማይችል ድረስ መዳብ ሰልፌት የጠገበ ውሃ ትሞላና ጫፉን እሷ ላይ ታቆመዋለህ፣ የስኒዋ ፖቴንሻል ከሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ አንጻር 0.32 ቮልት ገደማ መሆኑ ስለሚታወቅ የቀረው መቀነስ ነው። ናሙናው ያለበትን ሳጥን ግን እርጥበቱን ከፍ አድርጎ መያዝ ግድ ነው፣ አለዚያ ውሃው ደርቆ የምትለካው ነገር ይጠፋል።

በኔ እይታ ዘዴው እውነተኛ ዋጋውን ያሳየው ቀለም ስር ነው። ባትላሜራ ቤት የሚሰሩ ሰዎች ያውቁታል፣ ላሜራው አንድ ቦታ ከተጫረ ቀለሙ ከጭረቱ ርቆ ያብጣል፣ ስትፍቀው ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ሄዷል፣ ስቱኮ ብትደፍንበትም ከጎኑ ይቀጥላል። ኬልቪን ፕሮብ በቀለሙ ላይ አልፎ ስሩን ያነባል። ጭረቱ ላይ ጨው ውሃ አድርገህ መስመር በመስመር ስትለካ ጭረቱ ጋ ፖቴንሻሉ ዝቅ ያለ ነው፣ የተላቀቀው ቀለም ስር ዝቅ እንዳለ ይቆያል፣ ያልተላቀቀው ጋ ስትደርስ በጥቂት መቶ ሚሊቮልት ድንገት ይዘላል። ያ ደረጃ የመላቀቂያው ግንባር ነው፣ በየሰዓቱ ደግመህ ብትለካ ወደፊት ሲሄድ ታየዋለህ፣ ላይ ላዩን ሲታይ ግን ቀለሙ ደህና ነው። አየሩን በናይትሮጅን ስትቀይረው ግንባሩ ይቆማል፣ ቀለሙን የሚያላቅቀው ኦክስጅኑ ካቶዱ ላይ ሲበላ የሚፈጠረው አልካሊ ስለሆነ። የጨው ውሃውን ሶዲየም በፖታሲየም ስትተካው ደግሞ ይፈጥናል፣ በሊቲየም ይዘገያል፣ ማለትም ፍጥነቱን የሚወስነው አዮኑ (ቻርጅ ያለው የጨው ቅንጣት) በዛ ጠባብ መንገድ ለመሄድ ያለው ቅልጥፍና ነው።

በ1991 ደግሞ አይቢኤም ያሉ ሰዎች ይሄንኑ ሃሳብ ከአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ (ገጹን በጣም ሹል በሆነ ጫፍ ከሚቃኝ መሣሪያ) ጋር አጋቡት፣ እዚህ ከረንት ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው ጉልበት ነው ዜሮ የሚደረገው፣ ጫፉም ወደ ገጹ እስከ 100 ናኖሜትርና ከዛ በታች ይጠጋል። ሽሙትዝና ፍራንክል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1998 የአውሮፕላን አሉሚኒየም የሆነውን 2024 ቅይጥ በዚህ አይተውታል፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ከዙሪያቸው ተለይተው ወለል ብለው ታዩ። ግን አሉሚኒየም፣ መዳብና ማግኒዚየም ያለበት ቅንጣት አየር ላይ ሲለካ ከዙሪያው የከበረ (ለመሟሟት የሚያስቸግር) ይመስላል፣ ጨው ውሃ ውስጥ ግን ቀድሞ የሚጠቃ መሆኑ የታወቀ ነው፣ አየር ላይ የሚይዘው ሽፋን ነው ያሳሳተው። ስለዚህ ካርታውን አይቶ ብቻ ይሄ አኖድ ነው ያ ካቶድ ነው ማለት ችኮላ ነው፣ ሮቨርደርና ቱርኩ የሚባሉ ተመራማሪዎችም በ2007 በዚህ በናኖው ዘዴ ላይ ሰፋ ያለ ማስጠንቀቂያ ጽፈዋል።

ውሃ ውስጥ ላለ ናሙና ሌላ ዘዴ አለ፣ የሚርገበገብ ኤሌክትሮድ፣ ይሄኛው መፍትሄው ውስጥ ገብቶ የፖቴንሻሉን ቁልቁለት ይለካና ወደ ከረንት ይቀየራል። መነሻው ባዮሎጂ ነው፣ ሕያው ሴሎች ዙሪያ ያለውን ከረንት ለመለካት በ1970ዎቹ የተሰራ፣ ወደ ዝገት ያመጣው ብሩክሄቨን ላብራቶሪ የነበረው ሂዩ አይዛክስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የናኖውን ካርታ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ማጣራት ያለበት የቮልቴጁን ምልክት (ፕላስ ነው ማይነስ) ነው። ቮልቴጁ ለጫፉ ነው ወይስ ለናሙናው የተሰጠው? አንዱ ማሽን ላይ ደማቅ የሆነው ሌላው ላይ ጥቁር ይሆናል፣ ይሄን ሳይጽፉ የታተሙ ሥዕሎች ደግሞ ሞልተዋል።