የካሊፎርኒያ ነፃ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት፦ ብቁ የሚሆነው ማን ነው?

በካሊፎርኒያ 116 የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። ለግዛቲቱ ነዋሪ የአንድ ዩኒት (የኮርስ መጠን መለኪያ) ክፍያ ከ2012 ወዲህ 46 ዶላር ነው (እዚህ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሴሚስተር 12 ዩኒት የሚወስድ ተማሪ 552 ዶላር ይከፍላል፤ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ 60 ዩኒት ሲጨርስ ድምሩ 2,760 ዶላር ይደርሳል። ኮሌጆቹ እስከ 1984 ድረስ ከነዋሪ የዩኒት ክፍያ አያስከፍሉም ነበር። ክፍያው ሲመጣ አቅም ያነሰውን ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ፕሮግራምም ተከትሎ መጣ። ለብዙ ዓመታት ቦግ ዌቨር ሲባል የኖረው ይኸው ፕሮግራም ዛሬ የካሊፎርኒያ ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት ይባላል።

ከዚህ ጋር በስም የሚምታታ ሌላ ፕሮግራም አለ። በ2017 የወጣው ኤቢ 19 የተባለው ሕግ ለኮሌጆች ገንዘብ መደበ፤ ኮሌጆቹም ለአንደኛ ዓመት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ገቢው ምንም ይሁን ምን ክፍያውን እንዲተዉ ፈቀደ። በ2019 የወጣው ኤቢ 2 ሁለተኛውን ዓመት ጨመረበት። ይህኛው ኮሌጅ ፕሮሚስ ብቻ ነው የሚባለው፣ ግራንት የሚል ቃል የለበትም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ግራንቱ ገቢን ያያል እንጂ ዕድሜን አያይም፣ የቀድሞ ዲግሪ አያግደውም፣ አንድ ኮርስ ብቻ ለሚወስድ ማታ ተማሪም ይሰጣል። ፕሮሚሱ ገቢን አያይም፤ በምትኩ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ የመጀመሪያው እንዲሆን፣ በየሴሚስተሩ 12 ዩኒት ወይም ከዚያ በላይ እንዲወስድና የፋፍሳ (የፌዴራሉ የተማሪ ዕርዳታ ቅጽ) ወይም የካሊፎርኒያ ድሪም አክት (ወረቀት የሌላቸው ተማሪዎች የሚሞሉት የግዛቲቱ ቅጽ) ማመልከቻ እንዲሞላ ያስገድዳል። ከአዲስ አበባም ሆነ ከጎንደር ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው ስለዚህ በፕሮሚሱ በኩል አያልፍም፤ በግራንቱ በኩል ግን ገቢው ከፈቀደ ያልፋል። ኤቢ 19 ኮሌጆቹ ገንዘቡን እንዴት እንደሚያውሉት ለራሳቸው ስለተወም አንዱ ኮሌጅ ክፍያውን ሲሰርዝ ሌላው መጻሕፍት ሊገዛበት ይችላል። ጎረቤት ኮሌጅ ያለ ሰው ያገኘው እዚህ የግድ ይገኛል ማለት አይደለም።

ነዋሪነት

ብዙ ሰው ስለ ገቢው ሲጨነቅ የሚሰናከለው ግን ከዚያ በፊት ባለው ጥያቄ ነው። ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚያገለግሉት የካሊፎርኒያ ነዋሪ ለሆነ፣ ወይም ሕግ ነዋሪ ካልሆነ ሰው ከሚጠየቀው ክፍያ ነፃ ላደረገው ተማሪ ነው። ነዋሪ ለመባል ትምህርት ከሚጀመርበት ዕለት በፊት ባለው ቀን ሲቆጠር አንድ ዓመት ከአንድ ቀን በግዛቲቱ የኖረ መሆን ያስፈልጋል። ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ከ46ቱ ዶላር በተጨማሪ በብዙዎቹ ኮሌጆች በየዩኒቱ ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቃል። በ12 ዩኒት ሲሰላ ሂሳቡ በአንድ ሴሚስተር ከ4,000 ዶላር ያልፋል።

የዲቪ ዕድለኛ ግሪን ካርድ ስለያዘች ብቻ ነዋሪ አትሆንም። መስከረም 3 ቀን 2024 ሎስ አንጀለስ የገባች ሴት በነሐሴ 25 ቀን 2025 ለሚጀምር ሴሚስተር ብትመዘገብ፣ በአሥር ቀን ገደማ ልዩነት ነዋሪ አይደለሽም ትባላለች። የሚሻላት በዚያ ሴሚስተር ክሬዲት የሌላቸውን የእንግሊዝኛ ትምህርቶች መውሰድና ክሬዲት ያላቸውን ኮርሶች በሚቀጥለው ሴሚስተር መጀመር ነው። ክሬዲት የሌላቸው ትምህርቶች ነዋሪ ለሆነም ላልሆነም የዩኒት ክፍያ የለባቸውም።

መኖር ብቻውን አይበቃም፤ ኮሌጁ በግዛቲቱ ለመቅረት ያሰቡ ስለመሆንዎ ማስረጃ ይፈልጋል። የካሊፎርኒያ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ በነዋሪነት የቀረበ የካሊፎርኒያ የገቢ ግብር፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ምዝገባ፣ የባንክ ሂሳብ ይጠቅማሉ። ማስረዳቱ የተማሪው ግዴታ ነው። ከቨርጂኒያ ወይም ከኔቫዳ ተዛውሮ የድሮውን ግዛት መንጃ ፈቃድ ለሁለት ዓመት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ራሱ ላይ እንደመሰከረ ይቆጠራል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነና ያላገባ ተማሪ ግን የሚታየው የወላጆቹ ነዋሪነት ነው። ነዋሪ ያልሆነ ተብሎ ተመዝግቦ የቆየና ነዋሪነቱ እንዲለወጥለት የሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ በገንዘብ ራሱን መቻሉ ይጠየቃል፦ ወላጆቹ በግብራቸው ላይ ጥገኛ አድርገው አስገብተውት እንደሆነ፣ በዓመት ከ750 ዶላር በላይ ሰጥተውት እንደሆነ፣ ከስድስት ሳምንት በላይ ቤታቸው ኖሮ እንደሆነ ይታያል።

ሕጉ ራሱ የከፈታቸው በሮች አሉ። በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝቶ ወደ አሜሪካ የመጣና መጀመሪያውኑ ካሊፎርኒያ የሰፈረ ሰው፣ ነዋሪነቱ እስኪሞላ ድረስ ነዋሪ ካልሆነ ሰው ከሚጠየቀው ክፍያ ነፃ ነው። በኤቢ 540 ሕግ መሠረት ደግሞ በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቶች ሦስት ዓመት የተማረና የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ያገኘ ወይም ሕጉ የሚጠይቀውን ሌላ ደረጃ ያሟላ ሰው፣ ወረቀት ባይኖረውም እንኳ የነዋሪ ክፍያ ይከፍላል፤ ወረቀት የሌለው ከሆነ ፋፍሳ ሳይሆን የድሪም አክት ማመልከቻ ነው የሚሞላው። ኤቢ 540 ግን ቅጽ ተሞልቶ ለኮሌጁ ካልቀረበ በራሱ አይሠራም። በኤፍ 1 የተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ዓመታት ቢቆጠሩም ነዋሪ መሆን አይችልም፣ ኤቢ 540ም አይሸፍነውም። የኤች 1 ቢ የሥራ ቪዛ ያለው ግን ነዋሪ መሆን ይችላል።

ግራንቱ የሚሰጥባቸው መንገዶች

ሀ (በእንግሊዝኛው ኤ) የሚባለው መንገድ ቤተሰቡ ካልወርክስ፣ ኤስ.ኤስ.አይ ወይም ጄኔራል አሲስታንስ የተባሉትን የመንግሥት የገንዘብ ድጋፎች ለሚያገኝ ነው፤ የድጋፉ ደብዳቤ ይበቃል። ለ የሚባለው ገቢን በቀጥታ ይመዝናል፦ ካለፈው በፊት የነበረው ዓመት የቤተሰብ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር 150 በመቶ መብለጥ የለበትም። በ2024 መስመር ሲሰላ ለአንድ ሰው 22,590፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 46,800 ዶላር ነው፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ሐ በፋፍሳ በኩል የሚሄድ ሲሆን፣ የተማሪው የገንዘብ ፍላጎት ቢያንስ 1,104 ዶላር ሆኖ ከታየ ይሰጣል። 1,104 ሁለት ሴሚስተር በ12 ዩኒት የሚፈጀው ክፍያ ነው። ከ25 ዓመት በታች ሆኖ ቤት አልባ የሆነ ወጣት ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ከእነዚህ ውጭ በሥራ ላይ ለሞተ ፖሊስ ወይም እሳት አደጋ ሠራተኛ ልጅ፣ ለአካል ጉዳተኛ የቀድሞ ወታደር ቤተሰብና ለመሰሎቻቸው ልዩ ምድቦች አሉ።

ገቢው በ«ለ» ከተቀመጠው መስመር ትንሽ ያለፈ ሰው ተስፋ ቆርጦ መተው የለበትም፤ «ለ» የከለከለውን «ሐ» የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው። በሁለት ሥራ የሚሮጥ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚያልፈው እዚያ ነው። 24 ዓመት ያልሞላው ያላገባ ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በወላጆቹ ገቢ ነው፤ ሥራ የለኝም ብሎ የራሱን ዜሮ ብቻ ማስገባት ማመልከቻውን ያሰናክለዋል።

ማመልከቻው

ግራንቱ በኦንላይን የመግቢያ ማመልከቻው ጎን በሚሞላ አጭር ቅጽ ይጠየቃል። የሚሰጠው ለአንድ የትምህርት ዘመን ስለሆነ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ከምዝገባ በፊት መሙላት ይበጃል፤ ያልተከፈለ ሂሳብ ያለበትን ተማሪ ከክፍሉ የሚያስወጡ ኮሌጆች አሉና። በሁለት ኮሌጅ የሚማር ሰው ሁለቱም ጋ ማመልከት አለበት።

ፋፍሳን ግራንቱ ባይጠይቅም እንኳ መሙላት ያዋጣል። የካሊፎርኒያው ግራንት ክፍያውን አስቀድሞ ስለሚሰርዘው ፔል ግራንት (የፌዴራሉ የማይመለስ የተማሪ ዕርዳታ) ሳይነካ ለመጻሕፍት፣ ለትራንስፖርትና ለቤት ኪራይ ይተርፋል፤ በ2024–25 የፔል ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። የሜሪላንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ በተቃራኒው ፔልን መጀመሪያ ይቆጥርና የጎደለውን ብቻ ይሞላል። የቨርጂኒያው ጂ 3 ደግሞ ለጤና፣ ለአይቲ፣ ለእጅ ሙያና ለመሳሰሉት ተፈላጊ የሥራ ዘርፎች ብቻ የተመደበ ነው። ከእነዚህ ግዛቶች የሚሰማውን ወሬ ለካሊፎርኒያ መገልበጥ ብዙ ሰው አሳስቷል።

የእኛ ሰው በፋፍሳ ላይ አዘውትሮ የሚሰናከለው በስም ነው። ስሙ ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዱ ወረቀት ላይ የአያት ስም፣ ሌላው ላይ የአባት ስም የመጨረሻ ስም ሆኖ ከተጻፈ ማመልከቻው ይመለሳል። የልደት ቀንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል ተዘበራርቆ ከገባ እንዲሁ ነው፤ ካርዱ በወጣበት ጊዜ የተመዘገበው ቀን ነው የሚሠራው። ዲግሪ ያለው ሰው በፋፍሳ ላይ የለኝም ማለት የለበትም፤ ከውጭ አገር የመጣም ቢሆን ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም፣ የካሊፎርኒያውን ግራንት ግን በዚያ ምክንያት አያጣም። ለካል ግራንት (ሌላው የግዛቲቱ የተማሪ ዕርዳታ) ዋናው ቀነ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት 2 ነው፤ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ያ ቢያልፈው እስከ መስከረም 2 ሌላ ዕድል አለው። መጻሕፍት፣ የጤና አገልግሎት ክፍያ፣ መኪና ማቆሚያና አንዳንድ የቁሳቁስ ክፍያዎች ከግራንቱ ውጭ ናቸው።

ግራንቱ የሚቋረጠው

በተከታታይ ሁለት ዋና ሴሚስተር ከደረጃ በታች የሆነ ተማሪ ግራንቱን ያጣል። የሰመርና የዊንተር አጭር ክፍለ ጊዜያት አይቆጠሩም። ደረጃው ሁለት ነው፦ አጠቃላይ ጂፒኤ ከ2.0 መውረድ፣ ወይም ከተመዘገቡበት ዩኒት ግማሽና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ሳይጨርሱ መቅረት። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ይጎዳሉ። በ12 ዩኒት አራት ኮርስ የጀመረ ሰው ሁለቱን አቋርጦ ደብሊው ካገኘ 6 ከ12 ስለሆነ በሁለተኛው መለኪያ ይወድቃል፣ ያለፋቸው ኮርሶች ኤ ቢሆኑም። ሦስት ኮርስ ሲ አግኝቶ አንዱ ላይ ክፍል መግባት አቁሞ ኤፍ የተሰጠው ደግሞ ጂፒኤው 1.5 ይሆናል። ኮርስ የማይሆን መስሎ ከታየ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ደብሊው ከመጻፉ በፊት ባለው ቀነ ገደብ መውጣት ያዋጣል፤ ዝም ብሎ መቅረት የከፋ ነው። በአሳዳጊ ቤት ያደጉ ወጣቶች ከዚህ ደንብ ነፃ ናቸው።

የፌዴራሉ ዕርዳታ የራሱ ጠበቅ ያለ መለኪያ አለው፤ ብዙ ኮሌጆች 67 በመቶ ያህሉን ዩኒት መጨረስ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ግራንቱ እየቀጠለ ፔሉ የሚቋረጥበት ሁኔታ አለ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርስ የተወ ሰው ከተቀበለው ፔል የተወሰነውን እንዲመልስ ይጠየቃል።

ግራንቱ የተቋረጠበት ተማሪ ይግባኝ ማለት ይችላል። ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ሕመም፣ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር፣ የገቢ መለወጥ፣ እንዲሁም የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ የሚገባው አገልግሎት አለመገኘቱ ናቸው። ተቸግሬ ነበር የሚል ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው፤ የሐኪም ወረቀት፣ ከአሠሪ የመጣ የሥራ ሰዓት ለውጥ ወይም ከሥራ የመሰናበት ደብዳቤ፣ የሞት ማስረጃ ቀኑ ከጠፋው ሴሚስተር ጋር እንዲገጥም ሆኖ ሲቀርብ ይጠነክራል። ከአገር ቤት የመጣ በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ከትርጉሙ ጋር መቅረብ አለበት። ይግባኙ ተቀባይነት ካላገኘ ተማሪው ከራሱ ኪስ 46 ዶላር በዩኒት እየከፈለ ይማራል፤ ጂፒኤውና የጨረሰው ዩኒት ወደ ደረጃው ሲመለስ ግራንቱ እንደገና ይከፈትለታል።