የሰርቨር ስም አፈታት ፍተሻ በሰሜን ሸዋ

የሰርቨር ስም አፈታት ፍተሻ ማለት አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎችን የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ የሌላ ኮምፒውተር ስም ሲሰጠው አድራሻውን ከየት እንደሚያመጣ ማጣራት ነው። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በቁጥር ነው። ሰው ግን የሚይዘው ስም ነው፤ ቁጥር ይጠፋበታል። ስለዚህ መሃል ላይ ስሙን ወደ ቁጥር የሚፈታ ያስፈልጋል። መንዝ ውስጥ እንግዳ ሰው «የእነ እገሌ ቤት በየት ነው?» ሲል መንገድ ላይ ያገኘው እረኛ በዱላው ይጠቁመው የለ? እንደዚያው ነው። የፍተሻው ጥያቄ ሰርቨሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛውን እረኛ ነው የሚል ነው።

በሰሜን ሸዋ ዞን ሥራው በብዛት ያለው ደብረ ብርሃን ላይ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የዞኑ መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ፋብሪካዎችና በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ እዚያ ናቸው። ብርዷ እንኳ ለሰርቨር ክፍል ይመቻል፤ ቆላ ሸዋ ሮቢት ያለ ባለሙያ ይህን አያገኝም።

የነገሩ መነሻ አሜሪካ ነው። የኢንተርኔት እናት በሆነው በአርፓኔት ዘመን የኮምፒውተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። ፋይሉን የሚይዘው ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ሥራውን የምትመራው ኤልዛቤት ፋይንለር ነበረች። አዲስ ኮምፒውተር የገዛ ተቋም ለእሷ ቢሮ ያሳውቃል፤ ቢሮው ይመዘግባል፤ ሌሎች የታደሰውን ፋይል እየወሰዱ ይገለብጣሉ። ኮምፒውተሮች ሲበዙ ይህ አላዛለቀም። አንዱ የሰጠውን ስም ሌላው ይደግመዋል፣ ዝርዝሩም ሁሉም ዘንድ እስኪደርስ ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታውን ሥርዓት፣ ዲኤንኤስን፣ ነደፈ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በአንድ ቢሮ እጅ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ስሞች ራሱ ማስተዳደር ጀመረ። በዓመቱ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባይንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም ጻፉ፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ዲኤንኤስ እስከ አሁን የሚመራባቸው ደንቦች እ.ኤ.አ. በ1987 ወጡ። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው «ዶት ኢቲ» እ.ኤ.አ. በ1995 ተመዘገበ። ዲኤንኤስ ወደ ሰሜን ሸዋ ቢሮዎች የገባው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው።

የድሮው ፋይል ግን አልሞተም። ዛሬም ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በሚሠራ በእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ «ሆስትስ» የሚባል ትንሽ ዝርዝር አለ። ሁለተኛው ፋይል «ሬዞልቭ ዶት ኮንፍ» ነው፤ የዲኤንኤስ ሰርቨሮች ቁጥር እሱ ውስጥ ይሰፍራል። ሦስተኛው «ኤንኤስስዊች» ማን ማንን ይቀድማል የሚለውን ይወስናል። እዚያ ውስጥ «ሆስትስ» በሚለው መስመር ላይ «ፋይልስ» ከ«ዲኤንኤስ» ቀድሞ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩ መጀመሪያ የራሱን ዝርዝር ያያል፤ ካጣ ወደ ውጭ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ይህ ቅደም ተከተል ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች በሆስትስ ፋይል ላይ ምንም አይጨመር ይላሉ። ለትልቅ ተቋም ምናልባት ልክ ሊሆን ይችላል። መስመሩ በየቀኑ ለሚቆራረጥ የወረዳ ቢሮ ግን አይሆንም፤ ዲኤንኤስ ሲጠፋ የሚተርፈው የራሱ ዝርዝር ነውና፤ ይህ አያከራክርም።

ጀማሪዎችን የሚያሳስተው መፈተሻው ራሱ ነው። «ዲግ» እና «ኤንኤስሉክአፕ» የሚባሉት ትእዛዞች በቀጥታ ዲኤንኤስን ይጠይቃሉ፤ የሆስትስ ፋይልን ዞር ብለው አያዩም። ስለዚህ ዲግ ትክክለኛ ቁጥር እያሳየ ፕሮግራሙ ሌላ ቦታ ሊሄድ ይችላል። ፕሮግራሞች የሚሄዱበትን መንገድ የሚያሳየው «ጌትኤንት ሆስትስ» ነው። ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነት ያገኘ ሰው ጥፋቱን ግማሽ አግኝቷል። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት አዳዲስ እትሞች ደግሞ ሬዞልቭ ዶት ኮንፍ ውስጥ 127.0.0.53 የሚል ቁጥር ብቻ ይታያል። ስሕተት አይደለም። ያ ቁጥር እዚያው ማሽን ላይ ያለ አማላጅ ነው፤ ከጀርባው ያሉትን ሰርቨሮች «ሬዞልቭሲቲኤል ስታተስ» የሚለው ትእዛዝ ይዘረዝራቸዋል።

የአካባቢው ልዩ ችግር ከፊደል ይመጣል። የኮምፒውተር ስም በተለመደው ደንብ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ በቁጥርና በጭረት ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በሠራበት አንድ ቢሮ ሰርቨሮቹ አንኮበር፣ መንዝ፣ ጣርማበር ተብለው ነበር። ደስ ይላል። ነገር ግን ጣርማበርን አንዱ ባለሙያ «ታርማበር» ብሎ፣ ሌላው «ተርማበር» ብሎ በላቲን ጻፈው። አንዱ ሆስትስ ላይ፣ ሌላው ዲኤንኤስ ላይ። ሰርቨሩን ለሁለት ቀን ስንፈልገው ከረምን፤ እሱ ጎናችን ቆሞ ያጉረመርማል።

ሌላው መብራት ነው። ሬዞልቭ ዶት ኮንፍን በእጅ ያስተካከለ ሰው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሥራው ተሰርዞ ሊያገኘው ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም እንደ አዲስ ይጽፈዋልና። ማስተካከያው መግባት ያለበት የኔትወርኩ ማዘጋጃ ላይ ነው። ባለሙያ የሆነ ሰው ካስተካከለ በኋላ ሰርቨሩን ራሱ አጥፍቶ ያስነሳና እንደገና ያያል።

«ኔትወርክ ተንቀራፈፈ» የሚለው ስሞታም አንዳንዴ ከዚሁ ይመጣል። በፋይሉ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የዲኤንኤስ ሰርቨር ከሞተ፣ ሊኑክስ ሌላ ካልተባለ 5 ሰከንድ ይጠብቀውና ነው ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው። በየጥያቄው 5 ሰከንድ! ደግሞም ከ3 በላይ ቢጻፍ አራተኛው አይነበብም።

ዊንዶውስ ላይም የሆስትስ ፋይል አለ፤ የዲኤንኤስ ቁጥሮቹን «አይፒኮንፊግ» የሚባለው ትእዛዝ «ኦል» ሲጨመርበት ያሳያል።

በዞኑ ባሉ አንዳንድ ቢሮዎች የስምና የቁጥር ዝርዝሩ ታትሞ የሰርቨር ሳጥኑ በር ላይ ይለጠፋል። ጥግ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን አለ፤ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።