«ዝም አይነቅዝም» የማይሠራበት ቤት

«ስህተት የሚሠራው ልምድ የሌለው ወይም ግዴለሽ ሐኪም ነው።»

ነርስ ሆኜ ሥራ ስጀምር እኔም ከዚህ የተለየ አላስብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 እንግሊዝ ውስጥ የሁለት ልጆች እናት የሆነች የ37 ዓመት ሴት ለተለመደ የሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ ክፍተቶች) ቀዶ ሕክምና ገባች። ማደንዘዣ ከተሰጣት በኋላ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት አልተቻለም፤ በጭምብልም አየር አልደርስ አላት። አጠገቧ የቆሙት ሁለት የማደንዘዣ ሐኪሞችና አንድ የአንገት በላይ ሐኪም ነበሩ፤ ልምድ የሚጎድለው አልነበረም። እንዲህ ሲያጋጥም ጉሮሮን ከፊት በኩል ከፍቶ አየር ማስገባት እንደሚገባ ከእነርሱ የተሰወረ አይደለም። ነገር ግን ዓይናቸውን ቱቦው ላይ ተክለው ሲሞክሩ፣ ደግመው ሲሞክሩ፣ ደቂቃዎቹ ነጎዱ።

«ተናግሬያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ከሁሉም ይበልጥ እኔን የሚያመኝ ይህ አመለካከት ነው። በዚያው ክፍል አንዲት ነርስ የጉሮሮ መክፈቻውን መሣሪያ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናግራ ነበር፤ ምላሽ የሰጣት የለም። ሌላዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ አስያዘች። ተመልሳ ስትናገር ግን ነገሩን ያጋነነች ይመስል ዓይኖች አረፉባትና አልጋውን ሰረዘች። ታካሚዋ ከ13 ቀናት በኋላ አረፈች።

ነርሶቹ መፍትሔውን አይተውታል፤ ያዩት ግን ቢላውን ወደሚይዘው እጅ አልተሻገረም። «ተዘጋጅቷል» የሚለው ቃል የዕቃውን መኖር ይናገራል እንጂ የታካሚዋን መታፈን አይናገርም። መባል የነበረበት «ዶክተር፣ ኦክስጅኗ 40 በመቶ ነው፤ ቱቦውን ትተን ጉሮሮዋን አሁኑኑ እንክፈት» ነው። ካልተሰማ መድገም፣ አሁንም ካልተሰማ ሌላውን ሐኪም በስሙ ጠርቶ መናገር።

የሟቿ ታካሚ ባለቤት ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። በእርሱ ሙያ ረዳት አብራሪው አደጋ ሲያይ ለካፒቴኑ በግልጽ መናገር ግዴታው እንደሆነ ይሠለጥናል። ስለዚህ «ማን ይቀጣ?» ከማለት ይልቅ «ሌሎች ምን ይማሩ?» ብሎ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ ጉዳይ የሚያራምድ ቡድን አቋቋመ።

«ታላቅን ማረም ድፍረት ነው።»

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ላደገ ሰው ፕሮፌሰርን በተማሪዎቻቸው ፊት ማስቆም ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ። ነገር ግን «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ፣ ስምምነቱ የተፈረመው ለግራ እግር ነው» ማለት ክብር አይነካም። ሸክሙ በይበልጥ የሚያርፈውም በበላዩ ትከሻ ላይ ነው። ቢላ ከማንሣቱ በፊት «ያመለጠኝ ነገር ካያችሁ ንገሩኝ» የሚል ሐኪም ባለበት ክፍል ትናንት የተቀጠረችው ነርስም ድምፅ አላት።

«የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) ለይስሙላ ነው።»

ሥራው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሁሉንም ሳጥን ከሞላው፣ በእርግጥም ይስሙላ ነው። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው ባለ 19 ነጥብ ዝርዝር በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች (አንዱ በታንዛንያ ኢፋካራ ከተማ የሚገኝ ነው) ተሞክሮ የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ከነጥቦቹ አንዱ እያንዳንዱ ሰው ስሙንና የሥራ ድርሻውን እንዲናገር ይጠይቃል። አስቀድሞ ድምፁን ያሰማ ሰው በጭንቅ ሰዓት አፉን መክፈት ይቀለዋል።

«ትእዛዙን ሰምቻለሁ፤ መድገም ምን ያደርጋል?»

በእኛ ሆስፒታሎች የመድኃኒት ትእዛዝ የሚተላለፈው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። በስልክ «ፊፍቲን» የተባለው «ፊፍቲ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ በአሥራ አምስት ፈንታ አምሳ ማለት ነው። «አሥራ አምስት፣ አንድ አምስት ነው ያሉት?» ብሎ መልሶ ማረጋገጥ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

«አስታማሚ በሕክምና ሥራ አይገባም።»

ሌሊቱን ከአልጋው ሥር የምታድረው ልጅ የእናቷ ንግግር ከምሽት ጀምሮ እንደተቀየረ ከማናችንም ቀድማ ታውቃለች። ፔኒሲሊን ከዚህ ቀደም እናቷን እንዳሳበጣት የምታስታውሰውም እርሷ ናት። ራውንድ (የሐኪሞች የታካሚ ጉብኝት) ሲጀመር «አስታማሚዎች ውጡ» ብለን በር የምንዘጋውም እርሷው ላይ ነው። አሁን አሁን በሩ ከመዘጋቱ በፊት «ከትናንት የተለየ ምን አየሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ የነገረችኝንም ይዤ እገባለሁ።