የጊዜ ጉዞ በፋን ፊክሽን፦ የታሪክ ቀዳዳዎችና አደፋፈናቸው

የፋንታሲ ፋን ፊክሽን (አድናቂዎች በሚወዱት ታሪክና ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርተው የሚጽፉት ልብ ወለድ) ጸሐፊዎች የጊዜ ጉዞን አብዝተው ይወዳሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሚወዱት ገጸ ባሕርይ በዋናው ታሪክ ውስጥ ሞቶባቸዋል፤ ወደ ኋላ ተመልሰው ሊያተርፉት ይፈልጋሉ። «ፊክስ ኢት» («አስተካክለው») የሚባለው ዘርፍ በአብዛኛው ከዚህ ቁጭት የተወለደ ነው። ነገር ግን ቁጭቱ ብቻውን ታሪክ አያቆምም። ሕግ ያስፈልገዋል።

ቀዳዳ የሚፈጠረው ታሪኩ ራሱ ያወጣውን ሕግ ሲጥስ ነው። አስማት ባለበት ዓለም አንባቢ ብዙ ነገር ይቀበላል። ምዕራፍ 3 ላይ «ፈጽሞ አይቻልም» የተባለው ምዕራፍ 20 ላይ ያለ ምክንያት ሲቻል ግን አይዋጥለትም።

ጠንካራው ሕግ ያለፈው አይቀየርም የሚለው ነው። ተጓዡ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያደርገው ሁሉ ቀድሞም የተደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ በዚህ ሕግ ይመራል። ሃሪ እሱን ከዲሜንተሮች (ነፍስ ከሚመጥጡ ፍጡራን) ያዳነው ሰው የሞተው አባቱ ይመስለዋል። በታይም ተርነር (ጊዜን ወደ ኋላ በሚመልስ አስማታዊ መሣሪያ) ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ግን አዳኙ እሱ ራሱ ነበር። ባክቢክ የተባለው ክንፋም እንስሳም ለሃሪና ለጓደኞቹ የተገደለ የመሰላቸው የመጥረቢያውን ድምፅ ስለሰሙ ነው እንጂ ሬሳውን አላዩም። ለፋን ፊክሽን ጸሐፊ ይህ ትልቅ በር ነው። በዋናው ታሪክ ውስጥ በወሬ ወይም በድምፅ ብቻ የታወቀ ሞት ካለ፣ ካኖኑን (ዋናውን ታሪክ) ሳይነኩ ያንን ሰው ማትረፍ ይቻላል። ከሁሉም ዘዴ የሚያረካኝ ይህ ነው።

ያለፈው ይቀየራል ከተባለ ደግሞ የአያት ፓራዶክስ (ወደ ኋላ ሄዶ አያቱን የገደለ ሰው ራሱ እንዴት ይወለዳል? የሚለው ተቃርኖ) ይመጣል። ጓደኛውን ሊያድን የተመለሰ ሰው ከተሳካለት፣ መጀመሪያውኑ የሚመለስበት ምክንያት አልነበረውም። ብዙዎች ከዚህ የሚያመልጡት አዲስ የጊዜ ቅርንጫፍ በመክፈት ነው። ሐሳቡ የፊዚክስ ሊቁ ሂው ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1957 ካቀረበው የብዙ ዓለማት ትርጓሜ (ሊሆን የሚችለው ውጤት ሁሉ በየራሱ ዓለም ይፈጸማል ከሚለው) ጋር ይቀራረባል። ፋን ፊክሽን ራሱ ከካኖን የተገነጠለ ቅርንጫፍ ስለሆነ ይህ መንገድ ይስማማዋል። ሆኖም ዋጋ አለው። በአሮጌው ዓለም ሟቹ እንደሞተ ነው፤ የቀሩትም ሐዘን ላይ ናቸው። ጎበዝ ጸሐፊ ይህን አይደብቅም።

ሌላም ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ ፈጣሪ የሌለው ነገር። ጀግናው ከወደፊቱ የመጣ ድግምት ይማራል፤ ሲያረጅ ያንኑ ድግምት ወደ ልጅነቱ ይልካል። ታዲያ ድግምቱን ማን ፈጠረው? ምንጩን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መንገር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ከባዱ ጥያቄ «የጊዜ ጉዞውን ለምን እንደገና አይጠቀሙበትም?» የሚለው ነው። የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ. ኬ. ሮውሊንግም ይህ ገጥሟታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው አምስተኛው መጽሐፍ በአስማት ምኒስቴሩ የነበሩት ታይም ተርነሮች ይሰባበራሉ። በኋላም ወደ ጊዜ ጉዞ የገባችው በጣም አቅልላ እንደነበር ጽፋለች፤ ጉዞው ከአምስት ሰዓት በላይ ከሄደ አደገኛ ነው የሚል ገደብም አክላለች። መሣሪያውን መስበር ግን የመጨረሻ አማራጭ ቢሆን ይሻላል። ዕድሜን፣ ትዝታን ወይም አስማቱን ራሱን የሚያስከፍል ጉዞ ጥያቄውን ከሥሩ ይመልሰዋል። ዋጋው ግን ከችግሩ በፊት መነገር አለበት። ጀግናው ከተጣበቀ በኋላ ድንገት ብቅ የሚል ገደብ ማመካኛ ይመስላል።

ረጅም ታሪኮችን በብዛት የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው። ተጓዡ የጠላትን ዕቅድ በቃሉ ይዞ ይመለሳል፤ የመጀመሪያውን ጥቃትም ያከሽፋል። ጠላት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ በአሮጌው ዕቅድ ይቀጥላል። ይህ ጠላትን ሞኝ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ለውጥ የተጓዡን እውቀት ሊያስረጀው ይገባል፤ ከግማሽ በኋላ ካኖንን ማወቁ ጭራሽ ቢያሳስተው ታሪኩ ይጦፋል። ለዚህ የሚረዳው ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው፤ በአንዱ ዋናው የጊዜ መስመር፣ በሌላው አዲሱ ይሰፍራል። በየቀኑ ትይዩ ማን ምን እንደሚያውቅ ይጻፋል። ካኖኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቤታ አንባቢም (ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት የሚያነብ ሰው) ረቂቁን ከሠንጠረዡ ጋር ቢያስተያየው፣ ገና ያልሰማውን ነገር የሚናገር ገጸ ባሕርይ ቶሎ ይያዛል።